የስም ጥያቄ፦ «አሊ» ስለምትባለው አጭር ቃልና ስለ ባለቤቶቿ

ጀበል አሊ ውስጥ፣ በአንድ ክሊኒክ ወረፋ ከሚጠብቁት ሰዎች መካከል አንዲት ኢትዮጵያዊት ተቀምጣ ነበር። ተራ የምታስይዘው ሴት ከወረቀቱ ላይ እያነበበች «አሊ!» ስትል ተጣራች። የመለሰ የለም። ሁለተኛ ተጣራች፤ ሦስተኛም ተጣራች። አሁንም የመለሰ ስላልነበረ ተራው ለሌላ ተሰጠ። ከማኅበራችን አባሎች ሁለቱ ለራሳቸው ጉዳይ እዚያው ነበሩና ኋላ ሲጠይቁ የተጠራችው ይህችው እህታችን ሆና ተገኘች። ስሙ ፓስፖርቷ ላይ ከሠፈረ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ጆሮዋ ግን ገና አልለመደውም። አባቷ አሊ አይባሉም። ከፊቱ የተጻፈው የሙስሊም ስምም የእሷ አይደለም። እናቷ ያወጡላትን ስምና ካህኑ ያጠመቋትን ስም አገር ቤት ትታ መጥታለች። እዚህ ስሟን አንጽፍም፤ የመስጠቱም የመንሳቱም መብት የራሷ ነውና።

ጉዳዩ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ሲነሣ ሦስት ዓይነት አስተያየት ተሰማ። አንዳንዶቻችን ሳቅን። አንዳንዶቻችን «ሃይማኖቷን ለእንጀራ ሸጠች» ብለን ፈረድን። ሌሎቻችን ደግሞ «ስም ምን ያደርጋል፤ ዋናው ደመወዟን ማግኘቷ ነው» በማለት ነገሩን ልናልፈው ፈለግን። ሦስቱም አስተያየቶች የተሳሳቱ ናቸው ብለን እናምናለን። ለምን እንደተሳሳቱ ለማሳየት ከራሷ ከቃሏ መነሣት ያስፈልጋል።

«አሊ» በዐረብኛ «ዐይን» በምትባለው የጉሮሮ ፊደል የምትጀምር ቃል ስትሆን ትርጓሜዋ «ከፍ ያለ፣ የላቀ» ማለት ነው። የቃሏ ዘመዶች በእኛም ቤት አሉ። በግዕዝ «ላዕለ»፣ «ላዕላይ»፣ «ልዑል» የሚባሉት ቃላት ያንኑ የከፍታ ትርጉም የያዙ ናቸው፤ የሴም ቋንቋዎች አጥኚዎችም ከዚያው ሥር ጋር ያዛምዷቸዋል። ብላቴናውን ሳሙኤልን ያሳደገው ካህኑ ዔሊ ስሙን ያገኘው በዕብራይስጥ ከዚሁ የከፍታ ቃል ነው። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ወደ እስራኤል ሲሄዱ ጉዞው «ዓሊያ»፣ ማለትም «መውጣት»፣ የተባለውም ከዚሁ ነው። እንግዲህ ልጁን «ልዑል» ያለ ጎንደሬና ልጁን «አሊ» ያለ ወሎዬ ለልጆቻቸው የተመኙት አንድ ነገር ነበር፤ ከፍ በል ነው ያሏቸው።

ይሁን እንጂ አማርኛችን የ«አ»ንና የ«ዐ»ን ድምፅ ለይቶ መናገር ከተወ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አሊ፣ ዓሊ ወይም ዐሊ ብለን ብንጽፍ ስንጠራው አንድ ነው። በዐረብኛ ግን «አሊፍ» በምትባለው ፊደል ጀምሮ «ኣ»ው ረዘም ብሎ የሚነገር ሌላ «ኣሊ» አለ። ይህ ቃል «በመሣሪያ የሚሠራ፣ ማሽን የሆነ» ማለት ነው። በየባንኩ በር ላይ ያለው፣ እኛ ኤቲኤም የምንለው የገንዘብ መክፈያ በዐረብኛ «ሰራፍ ኣሊ» ይባላል። ሮቦት «ኢንሳን ኣሊ»፣ በቀጥታ ሲፈታ «ማሽን ሰው» ነው። አንዲት ኢትዮጵያዊት ስሟን በገዛ አንደበቷ ስትናገር ዐይንን ከጉሮሮዋ ካላወጣች፣ «የላቀው» ማለቷ ይቀርና ወደ «ማሽኑ» ሊጠጋባት ይችላል። ከንጋት በፊት ተነሥታ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የምትተኛ እህት በአንዳንድ ቤት የምትታየውም እንደ ሁለተኛው ነው።

ወደ ሌላው ዓለም ብንሻገር ደግሞ ይህችው ድምፅ ጨርሶ ሌላ ናት። በጣሊያንኛ «አሊ» ክንፎች ማለት ነው። በሰርብና በክሮአት ቋንቋ «ግን» ማለት ነው፤ በስሎቬንኛ «ወይም» ነው። በፊንላንድ ቋንቋ ደግሞ፣ የዐረቡ ተቃራኒ ሆኖ፣ «በታች» ማለት ነው። ከስላቭ ቋንቋዎቹ ከሁለቱ በቀር እነዚህ ቃላት እርስ በርሳቸው ዝምድና የላቸውም፤ ሌሎቹን ያገናኛቸው አጭርነታቸው ብቻ ነው። በላቲን ሦስት ፊደል ብቻ የሆነ ቃል በአንድ ሰው ወረቀት ላይ ስለታየ የዚያን ሰው ሃይማኖት፣ ብሔረሰብ ወይም ጠባይ አወቅሁ የሚል ሁሉ ራሱን ያታልላል።

የምንገናኝበት ሥፍራ ራሱ በዚህ ቃል ይጠራል። «ጀበል» ተራራ ነው፤ ጀበል አሊ የአሊ ተራራ። ዛሬ ግን ስሙ ሲጠራ ተራራው ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። የሚታወሰው በ1979 የተመረቀው ወደብና በ1985 የተቋቋመው ነፃ የንግድ ቀጠና ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በክሬኖቹ ሥር ኮንቴይነር ያለ ዕረፍት ይራገፋል። በአካባቢው መስጊድ፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ በ2012 የተከፈተ የሲኮች ቤተ ጸሎትና በ2022 የተከፈተ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ይገኛሉ። በአንድ የተራራ ስም ሥር ይህ ሁሉ የሰው ዘር ላቡን ያፈሳል፤ አምላኩንም ይለምናል።

አገራችንም ለጀበል አሊ የስም እህት አላት ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ከአንኮበር በስተ ምሥራቅ ቆላው ላይ አልዩ አምባ የምትባል ከተማ አለች። ጀበል ተራራ ከሆነ አምባም ተራራ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አልዩ አምባ ከሐረርና ከታጁራ የሚመጡ ቅፍለቶች የሚራገፉባት የሸዋ የንግድ በር ነበረች። ጨውና ጨርቅ ይገባባታል፤ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወጣባታል። በዚያ መንገድ የሰው ልጅም እንደ ዕቃ ተነድቷል። ባሕር ተሻግሮ የተሸጠ ሰው ደግሞ ከነፃነቱ ጋር ብዙ ጊዜ ስሙንም ይነጠቅ ነበር። ከኢትዮጵያ በልጅነቱ ተሸጦ ኋላ በህንድ ደካን ታላቅ የጦር መሪ የሆነውና በ1626 የሞተው ማሊክ አምባር እናት አባቱ ያወጡለት ስም ቻፑ ነበር። አምባር ያሉት የገዙት ሰዎች ናቸው። በዚህ መሥመር ላይ ስም መለወጥ ዛሬ የተጀመረ እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

በሌላ በኩል «አሊ» የሚለው ስም ወደ አገራችን የገባው በደላላ አይደለም። ስሙን በዓለም ያሳወቁት የነቢዩ መሐመድ የአጎት ልጅና አማች፣ አራተኛው ኸሊፋ አሊ ቢን አቢ ጣሊብ ናቸው። ታላቅ ወንድማቸው ጃዕፈር ከ615 ገደማ ጀምሮ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች አንዱ ነበሩ። በእስልምና ታሪክ እንደሚነገረው፣ የመካ መልእክተኞች «ስደተኞቹን አሳልፈህ ስጠን» ብለው ንጉሡን ሲጠይቁት፣ ንጉሡ ስደተኞቹ ራሳቸው ቀርበው እንዲናገሩ አዘዘ። ስለ ሁሉም ሆነው የተናገሩት ጃዕፈር ነበሩ። ንጉሡም ሰምቶ አልሰጥም አለ። ስምህን ለውጥና ተቀመጥ ያላቸውም የለም። እንግዳ መቀበል ማለት መጀመሪያ ማንነቱን ከራሱ አንደበት መስማት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አናውቅም።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። ከ1831 እስከ 1853 ደብረ ታቦር ተቀምጠው፣ በጎንደር ነገሥታት ስም አገሩን የገዙት የየጁው ዳግማዊ ራስ አሊ ክርስቲያን ነበሩ፤ በደብረ ታቦርም አብያተ ክርስቲያናት አሳንጸዋል። ልጃቸው ተዋበች አሊ የካሣ ኃይሉ፣ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ ሚስት ነበረች። በሰኔ 1853 አይሻል ላይ ራስ አሊን ድል የነሡት እኚሁ አማቻቸው ናቸው። ተዋበች አሊ ዛሬ ዱባይ ብትመጣ፣ ፎርም የሚሞላው ሰው ያለ አንዳች ጥርጥር ሙስሊም ናት ብሎ በጻፋት ነበር። የአውሳው ሱልጣን አሊ ሚራህ ሐንፈሬም አሊ ናቸው። በ2022 የተለየን የድሬዳዋው ድምፃዊ አሊ ቢራም አሊ ነው። ይህ ሰው በትውልድ ስሙ አሊ መሐመድ ሙሳ ነው፤ «ቢራ» የአባት ስም አይደለም። ከአፍረን ቀሎ ቡድን ጋር በወጣትነቱ ካዜመው ዘፈን ወስዶ ሕዝብ የሰጠው ስም ነው። በኦሮምኛ ክረምት አልፎ የሚብተውን ወራት ያመለክታል። እንዲህ ያለ የስም ለውጥ ባለቤቱን ያከብረዋል እንጂ አያሳፍረውም።

የሚያሳፍረው ሌላው ዓይነት ነው፤ እሱንም ሳንደብቅ መናገር አለብን። ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም መኳንንት ክርስትና እንዲነሡ ሲገደዱ፣ የኢማም አሊ ልጅ መሐመድ ሚካኤል ተባሉ። እኒህ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት፣ የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው። መኳንንቱ ስሙን ለወጡና ሥልጣናቸውን ያዙ። አልለወጥም ያለው ገበሬ ግን የደረሰበትን ወሎ አይረሳውም። ከዚያም በኋላ በዘመናዊው ትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት መዝገብ የኦሮሞው፣ የሙስሊሙና የደቡቡ ልጅ ስም «እንዲያምር» እየተባለ ሲለወጥ ኖሯል። ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1969 ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ሲጽፍ፣ ኢትዮጵያዊ ለመባል ስምን እስከ መለወጥ የሚያደርስ ሁኔታ መኖሩን ጠቅሷል። የስም ጉዳይ ለተማሪዎች መጽሔት አዲስ ርዕስ አይደለም ማለት ነው።

እንግዲህ ነገሩ እንዴት እንደተገለበጠ እንመልከት። ትናንት «አሊ» የነበረው ልጅ ትምህርት ቤት ለመግባት ወይም ሹመት ለማግኘት «ዓለሙ» ይሆን ነበር። ዛሬ የዓለሙ ልጅ የቤት ሠራተኛ ለመሆን «አሊ» ትሆናለች። በተለይ ከ1990ዎቹ ወዲህ፣ ወደ ዐረብ አገር የሚላኩ ብዙ ክርስቲያን እህቶቻችን «አሠሪዎቹ ሙስሊም ይመርጣሉ» እየተባለ ስማቸውም አለባበሳቸውም እንዲለወጥ ተደርጓል። በጥቅምት 2013 የኢትዮጵያ መንግሥት ጉዞውን ሲያግድ የድህነቱ ምክንያት አልታገደም። በ2018 እገዳው እስኪነሣ ድረስ ብዙው መንገድ በደላላ እጅ ሆነ። ደላላው ደግሞ ስም የሚያወጣው እንደ አባት አስቦ አይደለም፤ ባዶ ሣጥን ለመሙላት ነው። አጭር፣ ለመጻፍ ቀላልና የሚታወቅ ይፈልጋል። «አሊ» ለዚህ ተስማሚ ሆና ተገኘች።

ስም መለወጥ ሁሉ ግን ውርደት ነው አንልም። የአሜሪካው ቡጢኛ ካሲየስ ክሌይ በ1964 መሐመድ አሊ ሲባል፣ የጣለው ስም ከባርነት ዘመን የተረፈ ነው ብሎ ነው። በየካቲት 1967 ሂዩስተን ላይ ኧርኒ ቴሬልን ሲገጥም፣ ተጋጣሚው ከግጥሚያው በፊት በአሮጌው ስሙ ሲጠራው ከርሞ ስለነበር፣ በቡጢ እያጣደፈ «ስሜ ማን ነው?» እያለ ይጠይቀው ነበር። ያ ሰው ስሙን ራሱ መረጠ፤ ስለ ስሙም ዋጋ ከፈለ። የጀበል አሊዋ እህታችን ግን ያንኑ ጥያቄ «ስሜ ማን ነው?» ብላ የምትጠይቀው ወረፋ ላይ ሆና፣ ራሷን ነው። መለኪያው ይኸው ነው፦ ስሙ ከየትኛው ቋንቋ መጣ ሳይሆን ማን ወሰነው ማለት ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ የቤተሰብ ስም የሚባለው ጣጣ ይታከልበታል። እንደሚታወቀው እኛ የራሳችንን ስም፣ የአባታችንንና የአያታችንን ስም እንጠራለን እንጂ ከዘር ወደ ዘር የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም የለንም። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም አለው ብሎ ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ ግን እንደ ልማዱ ቀጠለ። እዚህ ስንደርስ ፎርሙ ያን ሣጥን ሙላ ይለናል፤ አንዱ ቦታ የአባት፣ ሌላው ቦታ የአያት ስም ይገባበታል። መሐመድ አሊ የሚባል አባት ልጁ ሐሰን መሐመድ ነውና አባትና ልጅ በወረቀት ላይ ባዕድ ይሆናሉ። ባልና ሚስትም እንደዚሁ። እውነተኛ ስም ያለው ሰው ይህን ያህል ከተቸገረ፣ የተሰጣት ስም የሐሰት የሆነባት ምን ትሁን?

ችግሩ የሚታየው ክፉ ቀን ሲመጣ ነው። ደመወዟ ሲከለከል የምትከስሰው በሌላ ሰው ስም ነው። ለእናቷ የምትልከው ገንዘብ የላኪው ስም ከቤተሰቡ ስም ጋር አይገጥምም። ስትታሠር ወንድሟ የሚፈልጋት በአንድ ስም፣ የተመዘገበችው በሌላ ነው። ሕይወቷ ቢያልፍ ደግሞ አስከሬን ቤት የተጻፈውን ስም መንደሯ ውስጥ የሚያውቀው የለም። በአገራችን ልማድ ሰው ሲሞት ስሙ ተጠርቶ ይለቀሳል። ስሟ ያልታወቀ ምን ተብላ ትለቀስ? እንግዲህ «ስም ምን ያደርጋል» ለሚለው ሦስተኛ አስተያየት መልሳችን ይህ ነው።

«ሃይማኖቷን ሸጠች» ለሚሉት ደግሞ እንዲህ እንላለን፦ ስሙን የጻፈው ደላላ ነው፤ ገንዘቡን የበላውም እሱ ነው። ፍርዱ በእሷ ላይ ብቻ የሚያርፈው ለምንድን ነው? በሌላ በኩል የሙስሊም አባሎቻችንን ቅሬታ ሳንጠቅስ ብናልፍ ጽሑፋችን ጎዶሎ ይሆናል። አንዲት አባላችን በስብሰባው ላይ «የአባቴን ስም እንደ ሥራ ልብስ የሚያለብሱትና የሚያወልቁት ለምንድን ነው?» ስትል ጠይቃለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው። በአገር ቤት እንደ ባዕድ ሲታይ የኖረ ስም ሲጠቅም ብቻ መፈለጉ፣ የስሙን እውነተኛ ባለቤቶች ሁለት ጊዜ መበደል ነው። የተበደሉት ክርስቲያኖቹ ብቻ አይደሉም።

ራሳችንንም መተቸት ይገባናል። የማኅበራችን የአባላት መዝገብ ራሱ «የቤተሰብ ስም» የሚል ዓምድ አለው፤ ከሌላ ቦታ ቀድተን ነው ያስገባነው። ከእኛም መካከል በክፍል ውስጥ ለመምህሩ እንዲቀል ስሙን ቆራርጦ «ሳም» ወይም «አል» የተባለ አለ። ያለ ደላላ፣ ያለ ረሃብ፣ በገዛ እጃችን ማለት ነው። በዚያች እህት ላይ ከመሳቃችን በፊት ይህን ማሰብ ነበረብን።

ስለሆነም የሚከተሉትን ሐሳቦች ለአባሎቻችን እናቀርባለን፦

1ኛ/ የማኅበሩ መዝገብ ተሻሽሎ የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ተብሎ ይከፈል። እያንዳንዱ አባል ስሙ በአማርኛ፣ በዐረብኛና በላቲን እንዴት እንደሚጻፍ አንድ ጊዜ ወስኖ ሁልጊዜ በዚያው ይጠቀም።

2ኛ/ በዕረፍት ቀን ከምናገኛቸው ሠራተኛ ወገኖቻችን መካከል የፈቀዱ ሁሉ የቤት ስማቸውን፣ የትውልድ ቀበሌያቸውንና የአንድ ዘመድ አድራሻ የሚያኖሩበት የአደራ ደብተር ይዘጋጅ። ደብተሩ ከሁለት ከተመረጡ አባላት እጅ አይውጣ፤ ያለ ባለቤቷ ፈቃድም ለማንም አይገለጥ።

3ኛ/ ማንም አባል እህቶቻችንን በአሠሪ ፊት በቤት ስማቸው አይጥራ። ይህ ወዳጅነት ሳይሆን አደጋ ላይ መጣል ነው። ስንገናኝ ግን መጀመሪያ «ማን ብለን እንጥራሽ?» ብለን እንጠይቅ።

4ኛ/ ሕግ የሚያጠኑ አባሎቻችን ፓስፖርት ሲታደስ ስም ስለሚታረምበት መንገድ፣ እንዲሁም ከ2017 ጀምሮ የኤምሬትስ ሕግ የቤት ሠራተኛ የመታወቂያ ሰነዷን ራሷ እንድትይዝ ስለሰጣት መብት፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ አጭር ማስረጃ ያዘጋጁ።

ይህ ሁሉ ትልቁን ችግር አይፈታውም። ሰው ስሙን ጥሎ እንዲሰደድ የሚያደርገው ድህነት ያለው አገራችን ውስጥ ነው፤ መድኃኒቱም የሚገኘው እዚያው ነው። ነገር ግን አክሱም ላይ ለስደተኛ የተደረገውን ያህል፣ «ማን ነህ፣ ተናገር» ብሎ የመስማትን ያህል፣ እኛም ማድረግ አያቅተንም።

በዚያን ዕለት እህታችን እንደገና ወረፋ ይዛ እስከ ማምሻው ጠበቀች። ሁለቱ አባሎቻችንም አብረዋት ተቀመጡ። «አሊ» ተብሎ ሲጠራ ክንዷን ነካ አደረጓት፤ ተነሥታ ገባች። ስትወጣ ግን ይጠብቋት ነበርና በገዛ ስሟ ጠሯት። ሦስተኛ መጥራት አላስፈለጋቸውም።